ፍሙ ጠፋ ያለው ማነው

ጥቅምት 6

አጎቴ፣

ጥርስ ሐኪሙን አልሰደብኩትም። እማዬ ምን ብላ እንደጻፈችልህ አላውቅም፣ ግን እሷ እዚያ አልነበረችም፣ እኔ ነበርኩ። ያልኩት «ጋሼ፣ መጽሐፉን አንብበውት ነው ወይስ አቅፈውት ተኝተው ነው?» ብቻ ነው። ይሄ ጥያቄ ነው። ጥያቄ ስድብ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ደሞ የጀመረው እሱ ነው። ኪራይ መጽሐፍ ቤቱ ገብቶ ያንተን መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ ወረወረና፣ ፍሪጅ ሠሪ ልቦለድ ሲጽፍ ከበረዶ ሌላ ምን ሊያመጣ ኖሯል ብሎ ሳቀ። ሰዉም አብሮት ሳቀ። እኔ ደሞ ታውቀኛለህ፣ ባንተ ሲስቁ ጆሮዬ ነው የሚግለው።

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። እንዴት ነህ? ወገብህስ? ያን ፍሪጅ ተሸክመህ ፎቅ የወጣህ ቀን የያዘህ ነገር ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፣ እኔን ከመክሰስ ሌላ ሥራ የላትም። በቃ፣ ሰላም ተባባልን።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ስልክህን ለምን ነቀልከው? መጽሐፉ ጀርባ ላይ «አስተያየት ያላችሁ በዚህ ቁጥር ደውሉ» ብለህ የሱቅህን ስልክ ያሳተምከው አንተ ራስህ ነህ። ሽፋን ስለጥፍ ስለምውል ያን ቁጥር ተኝቼም አየዋለሁ። ሰው ሲደውል ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር፣ እንዲዘፍንልህ? አሁን አንተን ለማግኘት ደብዳቤ ጽፌ፣ መለዋወጫ ለሚያመጣልህ ሹፌር ሰጥቼ፣ እስኪመለስ አፌን ከፍቼ መጠበቅ አለብኝ። በዚህ ዘመን።

ሥራዬን ጠይቀሃል። ማተሚያ ቤቱ ደህና ነው፣ ሙጫው እጄን ልጦታል፣ ከ«መቀስ» ጋር ተጣልቻለሁ። መቀስ የምንለው ሽፋን የሚቆርጠውን ልጅ ነው። ያንተን መጽሐፍ ሽፋን ስለጥፍ ግማሹ እንደ ቆዳ ልክክ ይላል፣ ግማሹ ደሞ እንደ ተውሶ ኮት ይንቦረቀቃል። ቢላህን ተወውና ዓይንህን አስሞርደው አልኩት። ሁሉንም እኩል ነው የቆረጥኩት ብሎ ማለ። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ለጥፊና ዝም በይ» አለኝ። ለጠፍኩ። ዝም ግን አላልኩም።

ትምህርት ቤት ተመለሺ ያልከው አይሆንም። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቀኝ።

ክብሪትህ
(ስሙን ያወጣህልኝ አንተ ነህ፣ ሲያቃጥልህ አታማርር)


ጥቅምት 10

ለክብሪት፣

ወገቤ ደህና ነው። ሰውየውን አብጠልጥለሽ ስትጨርሺም ቢሆን ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ።

ስልኩን የነቀልኩት ሥራ ስላስፈታኝ ነው። አንድ ሰው ይደውልና «ኧረ በጣም ቀዘቀዘ» ይለኛል። እኔ ፍሪጁ ነው ብዬ እንዴት ዝቅ እንደሚያደርገው ሳስረዳው ቆይቼ፣ ለካ ሁለተኛውን ምዕራፍ ነው። ሌላዋ ደውላ ተኩላው ለምን ያወራል ትላለች። ሌላው ክረምቱ መቼ ነው የሚያልቀው ይላል፣ የኔ ጥፋት ይመስል። ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩትን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ አለቃሽ፣ ጽፎልኛል። አንባቢው ተቆጥቷል፣ ሁለተኛውን ከማተማችን በፊት እናስብበት ይላል። እናስብበት የሚል ሰው አስቦ የጨረሰ ሰው ነው።

ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ተጽፎ አልቋል። ሱቄ ጥግ ያለው የሞተ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፣ አይጥ የማይገባበት እሱ ብቻ ነው። ሦስተኛው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ አይጥ አይጠፋም።

ሰዉ ታሪኩን እንደ አዲስ ነገር ሲያወራው ያስቀኛል። እናትሽ ሥራ ስትገባ እኔና አንቺ ብቻችንን ስንቀር እነግርሽ የነበረው እኮ ነው። ክረምቱ አላባራ ያለበት አገር፣ እሳት ሁሉ የጠፋበት፣ አንዲት ቁጡ ልጅ የመጨረሻውን ፍም በማሰሮ ይዛ ከመንደር መንደር በበረዶ የምትሄድበት። ያኔ «ፍሙ እንዳይጠፋ» እያልሽ እጄን ትቆነጥጪ ነበር። ሦስት መጽሐፍ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ያንቺ ቁንጥጫ ነው ያስረዘመው።

ሰዉ ምን እንደሚል በትክክል ጻፊልኝ። ሳታሳምሪ። ሳትጣዪም።

አጎትሽ


ጥቅምት 14

አጎቴ፣

እንዴት ሰነበትክ። ሳታሳምሪ ብለሃል፣ አላሳመርኩም። ሳትጣዪ የሚለው ግን ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።

ኪራይ መጽሐፍ ቤቷን ሴትዮ ልጀምር። መጽሐፍህ መደርደሪያ ላይ አድሮ አያውቅም ትላለች፣ አንዱ ሲመልስ ሌላው በር ላይ ነው። ራሷ አንብባዋለች። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ባትሪው የሞተ መኪና እንደ መግፋት ናቸው፣ ከዚያ ድንገት ይነሳና ከኋላው እየሮጥሽ ትቀሪያለሽ ብላኛለች። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ አላውቅም፣ እየሳቀች ነው ያለችው።

ትራፊክ ፖሊሱ ተኩላውን ወዶታል። መጽሐፉ ውስጥ የቀዘቀዘውን ወንዝ ግራ ቀኝ አይቶ የተሻገረ ፍጡር እሱ ብቻ ነው ይላል። የውርጭ ንጉሥህ ግን አላስፈራውም። ከሱ ይልቅ የኔ አለቃ ያስፈራኛል አለኝ።

ልብስ ሰፊዋን ታውቃታለህ፣ የእማዬን ቀሚስ የምትሰፋው። በዚህ ሙቀት ሹራብ ደርባ ነው ያነበበችው፣ በረደኝ ብላ። አሁን ስምህን አታንሺብኝ ብላለች። ያቺ ምስኪን ልጅ መጽሐፉን ሙሉ እንደ ሕፃን አቅፋ የሄደችበትን ፍም በአንድ መስመር አጠፋው፣ ይሄ ሰውዬ ልቡንም ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስቀመጠው አለች። ያን ቀን ባሏን አላናገረችውም፣ እሱ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቅርታ ሲጠይቃት አመሸ።

ጥርስ ሐኪሙም ያው ነው። መጨረሻ የለውም፣ እንደ ተነቀለ ጥርስ ቦታው ባዶ ነው ይላል።

አሁን ደሞ ስማ። ፋርማሲ የምትሠራዋ ልጅ መጨረሻውን ስታነብ ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። ልጅቷ አመዱን እፍ ስትል እኔም አብሬያት እፍ አልኩ፣ መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ፊት አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ ፍሙ ጠፋ እያለች እኮ ነው ብላት፣ ዓይኗን ጨፍና ነዋ ያነበበችው አለች።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ግማሹ አጠፋኸው ይላል፣ ግማሹ አዳንከው ይላል። እኔ የገባኝ ግማሹ ሰው መጽሐፍ ሳይጨርስ የሚዘጋ መሆኑ ነው። ይሄንኑ ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። መርፌ በአፏ ይዛ ስለነበር የመለሰችልኝ አልተሰማኝም፣ ግን ምርቃት አልነበረም።

ያልቻልኩት ያልከው ምንድነው? ሌላ ጊዜ አትበለኝ።

ክብሪትህ


ጥቅምት 19

ለክብሪት፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳታሳምሪ ስለጻፍሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ያልቻልኩት ይሄ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከመንቀሌ በፊት ደውላልኝ ነበር። ፍሙን ለምን አጠፋህብኝ አለችኝ። ድምጿ ልክ አልነበረም። እኔም ኧረ እመቤቴ አልጠፋም፣ አመዱን እፍ ትለዋለች እኮ፣ ከሥር ይቀላል አልኳት። «አሁን እኔን ለማጽናናት ነው የፈጠርከው» ብላ ዘጋችው። ከሷ በኋላም እንደሷ ያሉ ብዙ ደወሉ። ሁሉም ፍሙ ጠፋ ይላሉ። ቢማከሩ እንኳ እንዲህ አይስማሙም።

እና ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። እኔ እሳት ጽፌ ሰው አመድ ካነበበ፣ ችሎታዬ እዚያ ድረስ ነው ማለት ነው። ፍሪጅ ሲሆን ይገባኛል፣ ሠርቼው ካልቀዘቀዘ አልተሠራም። ቀዝቅዞልሃል ብዬ ባለቤቱን አልከራከረውም።

ለአለቃሽ ሁለተኛውን አላመጣም ብዬ ጽፌለታለሁ። የፊታችን ቅዳሜ አሮጌ ብረት ገዢው ይመጣል፣ ያን የሞተ ፍሪጅ ከነሆድ ዕቃው እሰጠዋለሁ። አትቆጪ። የተናደድኩ እንዳይመስልሽ፣ ደክሞኝ ነው። ያቺን ልጅ ሰው ሁሉ በረዶ ውስጥ ትቷት ሲሄድ ማየት ከበደኝ። በማን መልክ እንደጻፍኳት አንቺ ታውቂያለሽ።

አንቺ ግን ትምህርት ቤት ተመለሺ። ጥሩ ነገር ጀምሮ የሚተው ሰው በአንድ ቤት አንድ ይበቃል።

አጎትሽ


ጥቅምት 22

ፍሪጁን እንዳትነካው።

ሰላምታ የለም፣ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ምን እንዳገኘሁ አሁን አልነግርህም። ግማሹን ብነግርህ በግማሹ ታዝንበታለህ፣ አውቅሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግ። እዚያ ያለህን መጽሐፍ አንሳና የመጨረሻው ገጽ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ የመጨረሻው መስመር ምን እንደሚል ጽፈህ ለሹፌሩ ስጠው። እስክትጽፍ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አስምዬዋለሁ።

ደክሞኛል፣ ዕረፍት ላይ ነኝ ምናምን አትበለኝ። ያ የብረት ሰውዬ ከመጣ ደሞ ፍሪጁ ላይ ተቀመጥበት።

ክብሪት


ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ ጠዋት

አጎቴ፣

እንዴት ነህ? ወገብህስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እማዬም በጣም ደህና ናት። ዛሬ ሰላምታውን አልዘልም፣ ዛሬ ሰላምታ በሰፊው ነው። ጎረቤትህን፣ ደንበኞችህን፣ የሞተውን ፍሪጅ ሳይቀር ሰላም በልልኝ።

ያንተ መጽሐፍ 208 ገጽ ነው። የልብስ ሰፊዋ 192 ላይ ያልቃል።

ቀስ ብዬ ልንገርህ። ማክሰኞ ኪራይ መጽሐፍ ቤት ልብስ ሰፊዋና የፋርማሲዋ ልጅ ተገናኙ። ሁለቱም መጽሐፍህን ይዘዋል። ጠፋ፣ አልጠፋም፣ ጠፋ፣ አልጠፋም። ሰው ከበበ። እኔ ለዱላው ቦታ ይዤ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ መጽሐፏን ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች፣ «ልጅቷ ማሰሮዋን ከፈተች። ፍሙ ጠፍቶ ነበር።» የፋርማሲዋ ልጅ ገጹን ግለጪዋ አለቻት።

«የሚገለጥ ገጽ የለም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሁለቱንም መጽሐፍ ከእጃቸው ነጠቅኩና ጎን ለጎን ያዝኳቸው። የፋርማሲዋ ልክክ ያለ ነው። የልብስ ሰፊዋ ሽፋን ይንቦረቀቃል። እንደ ተውሶ ኮት። መቀስ መጣብኝ፣ ያ ምስኪን መሐላው ሁሉ መጣብኝ፣ ማተሚያ ቤት የደረስኩት በሩጫ ነው።

አሠራራችንን ስለማታውቅ ላስረዳህ። መጽሐፍ ሲታተም ትልልቅ ወረቀት ይታጠፍና እጥፋት እጥፋት ይሆናል። እያንዳንዱ እጥፋት ክምሩ ጠረጴዛው ዙሪያ ይደረደራል፣ ሠራተኞቹ ጠረጴዛውን እየዞሩ ከየክምሩ አንድ አንድ ያነሳሉ፣ ዙሩ ሲያልቅ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው። ያንተ ግን ረዘመ፣ ጠረጴዛው አልበቃውም። የመጨረሻው ክምር መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ፣ መጋረጃው ሥር። የኛ ሰዎች ያውቃሉ፣ ጠረጴዛውን ይጨርሱና ወደ መስኮቱ እጃቸውን ይሰዳሉ። ሥራ ሲበዛ ግን ከቀን መቁጠሪያ ክፍል ሰዎች ለእርዳታ መጡ። መስኮቱን የነገራቸው የለም። ጠረጴዛውን ዞሩ፣ አለቀ፣ ዞሩ፣ አለቀ። የመጨረሻውን ገጽ ያየም ቢኖር ምን ይጠረጥራል? «ፍሙ ጠፍቶ ነበር» ከገጹ ግርጌ፣ አራት ነጥብ። ከዚህ በላይ መጨረሻ የሚመስል ነገር አለ? እና ትንሽ ጥፋት ያንተም ነው፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ሁለት መስመር ብታስረዝማት ወደ ሌላው እጥፋት ትሻገር ነበር።

መጋረጃውን ስገልጠው ክምሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። የላይኛውን ፀሐይ አደብዝዞታል። ቆሜ አነበብኩት። «ግን ፍም አመድ ሲለብስ የጠፋ ይመስላል። ልጅቷ በጉልበቷ ተንበረከከችና እፍ አለች።» አላለቀስኩም። አቧራ ነበር።

ስለዚህ አጎቴ፣ አንተ እሳት ነው የጻፍከው። ሰዉም በትክክል ነው ያነበበው። የተሰጠውን አነበበ። እነዚያ ሁሉ የተናደዱት ሰዎች ደሞ ምን እያሉህ እንደነበር አሁን ይግባህ፣ ያችን ልጅ እዚያ ጥለናት አንሄድም ነው ያሉህ። ከበረዶው ውስጥ ሊያወጧት ነበር የሚደውሉት። አንተ ደሞ ስልኩን ነቀልክባቸው።

አለቃዬ ስነግረው ወንበር ፈለገ። መጀመሪያ ሰው ሳይሰማ አንድ በአንድ እንሰብስባቸው አለ። እኔ ደሞ ሰዉ ራሱ ይስማ አልኩ፣ ሰምቶ የተናደደ ሰው ሰምቶ ነው የሚደሰተው። እንዴት እንዳልኩት አትጠይቀኝ፣ በሩን ዘግቼ ነው ያልኩት። ብቻ ሐሙስ ያንተ መልስ እንደመጣ፣ ያኑ ዕለት ኪራይ መጽሐፍ ቤቱ በር ላይ በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ፣ «መጽሐፋችሁ ፍሙ ጠፋ ብሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ አላለቀም። ማተሚያ ቤት አምጡት።»

ትናንት ጠዋት በሩን ስንከፍት ሰልፉ ታጥፎ መንገዱ ጋ ደርሷል። ፊት የቆመው ማን መሰለህ? ጥርስ ሐኪሙ። ትራፊክ ፖሊሱ ማንም ሳይለምነው ሰልፉን ማስተናገድ ጀመረ፣ ፊሽካውን ብቻ ነው ያልነፋው። መቀስ ቁጭ ብሎ እጥፋቱን እየለጠፈ ይሰጣል። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሽፋኑን በትክክል ነው የቆረጥከው አልኩት። አልሰማሁሽም አለኝ። ደገምኩለት። አሁንም አልሰማሁሽም አለኝ። ሰምቷል፣ ግን ድጋሚ አልኩለት፣ ይገባዋል።

ሙጫው እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው የለም። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ያነባሉ። ልብስ ሰፊዋ ለኋለኞቹ ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር። እፍ አለች የሚለው ጋ ስትደርስ ከኋላ አንድ ሰው እፍ አለ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ኮሪደሩ ሙሉ እፍ አለ አጎቴ፣ ትልልቅ ሰዎች፣ የኔ ሙጫ ማድረቂያ ወረቀቶች ሁሉ ተበተኑ። ከዚያ ሳቅ። እንዲህ ዓይነት ሳቅ ግን ጆሮዬን አያግለውም።

ጥርስ ሐኪሙ መጽሐፉን ዘጋና ወደ እኔ መጣ። ሁለተኛው መቼ ነው አለኝ። እኔም «ይሄኛውን አንብበውት ነው ወይስ አቅፈውት ተኝተው ነው?» አልኩት።

«አንብቤው ነው» አለ። «እስከ መጨረሻው።» ከዚያም ፍሪጁ ሲበላሽበት ላንተ ብቻ እንደሚልክልህ ነገረኝ። ይቅርታ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ዋናው። አለቃዬ ሰልፉን በመስኮት ሲያይ ዋለና ማታ ሰዉ ሲበተን ጠራኝ። ማሽኑ ዛሬ ነፃ ነው፣ ነገ ጠዋት የቀን መቁጠሪያው ሥራ ይገባበታል፣ አንዴ ከገባ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ አይወጣም። ሁለተኛውን መጽሐፍ ለማስገባት ዛሬ ሳይዘጋ አመጣለሁ የሚለውን ቃልህን ካንተ አፍ መስማት ይፈልጋል። ደብዳቤ አይቀበልም። አላመጣም ያልክበት ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ ነው፣ በደብዳቤ አንዴ አዝኛለሁ በድምፁ ይንገረኝ አለ። እኔንም ከሙጫው አንስቶኛል። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም መጽሐፍ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻ ገጹን የምገልጠው እኔ ነኝ። መስኮቱንም ጭምር።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ የማታ ክፍል አለ ይባላል፣ ያ ዳይሬክተር ማታ አይገባም። ከደወልክ ልንነጋገርበት እንችላለን። መነጋገር ነው ያልኩት፣ እሺ አላልኩም።

ሹፌሩ ይሄን ደብዳቤ እኩለ ቀን ላይ ያደርስልሃል። አንብበህ እንደጨረስክ መጀመሪያ የብረት ሰውዬውን ከበር መልሰው። ሁለተኛ ፍሪጁን ከፍተህ ልጅቷን አውጣት፣ በቂ ቀዝቅዛለች። ሦስተኛ ስልኩን ሰካው። አለቃዬ ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል፣ እኔ አለቃዬ አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ መቀስና ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመዋል። እንዳትቀር፣ ቁንጥጫዬን ታውቀዋለህ።

ሳይመሽ ደውል።

ክብሪትህ